የጦማር ትምህርት አመራረጥና ጦማርን ከጠላፊዎች መጠበቅ፦ ለጀማሪ ጸሐፊዎች ዝርዝር መመሪያ

የጦማር ወይም የብሎግ ትምህርት የሚሸጡ ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከገንዘብ ነው፤ ቤትዎ ተቀምጠው ዶላር ያግኙ ይላሉ። እንዲህ የጀመረ ትምህርት ጦማሩ በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያዘምነውና ቢበላሽ ከየት እንደሚመለስ ሳይናገር ያልቃል። ተማሪው ወራት ጽፎ አንባቢ ማግኘት በጀመረ ሰሞን ገጹን ሲከፍት የቁማር ማስታወቂያ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ትምህርት መምረጥንና ጦማርን መጠበቅን ለያይቼ አላያቸውም። ደህንነትን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የማያነሳ ትምህርት የቀረውንም በደንብ ያስተምራል ብዬ አላምንም።

ደረጃ 1፦ ጦማሩ የት እንደሚቀመጥ ይወስኑ

ትምህርት ከመፈለግዎ በፊት ይህ መወሰን አለበት፤ ትምህርቶቹ እንደ መድረኩ ይለያያሉና።

ብሎገር እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ አገልግሎት ሲሆን በ2003 ጉግል ገዝቶታል። ነፃ ነው፣ ገጹ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር (ሰርቨሩን) የሚጠብቀውም ጉግል ነው። የእርስዎ ዋና ሥራ የጉግል አካውንትዎን አለማስነጠቅ ነው። ዎርድፕሬስ ደግሞ በ2003 ለሕዝብ የተለቀቀ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእርሱ ይሠራሉ። ጀማሪዎች የሚደናገሩት ሶፍትዌሩ በሁለት መልክ ስለሚገኝ ነው። ዎርድፕሬስ ዶት ኮም ላይ አካውንት ከፍተው ይጽፋሉ፤ ጥገናው የኩባንያው ነው። ከዎርድፕሬስ ዶት ኦርግ ግን ሶፍትዌሩን ወስደው በተከራዩት ሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ ቦታ) ላይ ይጭኑታል፤ ጥገናው የእርስዎ ነው። ነፃነቱ የሚበልጠው በሁለተኛው ነው፤ የሚጠለፈውም በብዛት እርሱ ነው።

በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ገብቶ ለማዘመን ጊዜ የሌለው ሰው በራሱ ሆስቲንግ ላይ ዎርድፕሬስ ባይጭን እመርጣለሁ። መጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው በብሎገር መጀመሩ አያሳፍረውም። ጽሑፎቹን ኋላ ወደ ዎርድፕሬስ ማዛወር ይቻላል።

ደረጃ 2፦ ከመክፈልዎ በፊት ትምህርቱን ይመርምሩ

መጀመሪያ የተቀረጸበትን ጊዜ ይመልከቱ። ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ባወጣው 5.0 እትም የመጻፊያ ገጹን ከሥሩ ቀይሮታል። ጽሑፍ በአንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ መጻፉ ቀርቶ አንቀጹም፣ ምስሉም፣ ርዕሱም እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ብሎክ ሆኗል። ቪዲዮው ያለ ምንም ማብራሪያ በአሮጌው ሳጥን የሚያስተምር ከሆነ ወይ ከዚያ በፊት የተቀረጸ ነው፣ ወይ አስተማሪው ከዚያ ወዲህ የሆነውን አልተከታተለም። የደህንነት ምክሩም እንደዚያው ያረጀ ይሆናል።

ቀጥሎ የአስተማሪውን የራሱን ጦማር ይክፈቱ። ካሳየዎት የገቢ ሰንጠረዥ ይልቅ እርሱ ብዙ ይነግርዎታል። የመጨረሻው ጽሑፍ መቼ ወጣ? አድራሻው ላይ ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑ ይታያል ወይስ ብሮውዘሩ ደህንነቱ ያልተጠበቀ ገጽ ነው ብሎ ያስጠነቅቅዎታል? ለገጽ ምስጠራ የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም በነፃ የሚያድለው ነገር ነው። ዛሬ ያለ እርሱ የሚታይ አስተማሪ የራሱን በር አልዘጋም። ጦማር ከሌለው፣ ወይም ጦማሩ ስለ ጦማር ትምህርት ብቻ የሚያወራ ከሆነ፣ ገቢው ከእርስዎ ክፍያ እንጂ ከጽሑፍ እንዳልሆነ ይገምቱ።

ከዚያ የትምህርቱን ዝርዝር ማውጫ ይጠይቁ። ስለ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ስለ ማዘመን፣ ስለ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል ሌላ ኮድ የሚጠይቅ መግቢያ) እና ስለ ዶሜይን (የጦማሩ አድራሻ ስም) ባለቤትነት የሚናገሩ ክፍሎች መኖር አለባቸው። ደህንነት በመጨረሻ እንደ ምርቃት የተጨመረ አንድ አጭር ቪዲዮ ከሆነ ይለፉት። ስለ ገቢ የሚያወራ ከሆነም አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ጦማር ላይ ማስታወቂያ እያሳየ ለጸሐፊው የሚከፍለው ጉግል አድሴንስ የሚደግፋቸውን ቋንቋዎች በእገዛ ገጹ ላይ ዘርዝሯል። አስተማሪው ያንን ዝርዝር ከፍቶ አማርኛ በውስጡ ይኑር አይኑር ካላሳየዎት ስለ ማስታወቂያ ገቢ የሚነግርዎት ሁሉ ለሌላ ቋንቋ ጸሐፊ የተዘጋጀ ነው።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በሌላ ቋንቋ ትምህርት ውስጥ የማያገኛቸው ነገሮችም አሉ። የግዕዝ ፊደል፣ ጽሑፍ በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ወደሚያደርገው ዩኒኮድ የተባለ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ሳይለወጥ ወደ ጦማር ቢለጠፍ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሊንክም አለ። የጽሑፉን ርዕስ በአማርኛ ሲጽፉ ዎርድፕሬስ ሊንኩንም በአማርኛ ይሠራዋል፤ ሊንኩ ሲገለበጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ለሊንኩ የተፈቀደው 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል፣ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም የመቶኛ ምልክት የሞላበት ረጅም ገመድ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሊንክ የተጭበረበረ ይመስላል፤ አንባቢም ለመጫን ይፈራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከማተምዎ በፊት ሊንኩን በእጅዎ በአጭር የላቲን ፊደል ይጻፉ። ይህን የሚያውቅ አስተማሪ ካገኙ በአማርኛ የጻፈ ሰው ነው ማለት ነው።

ወዲያውኑ እንዲያስጥልዎት የሚገባው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በገንዘብ የሚሸጡ ቴሞችን (የገጽ መልኮችን) እና ፕለጊኖችን (ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩ ቅጥያዎችን) በቴሌግራም በነፃ የሚያድል አስተማሪ ነው። እነዚህ የተሰረቁ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ የተደበቀ መግቢያ ይዘው ይመጣሉ፤ ጠላፊውን ራስዎ ጋብዘው አስገቡት ማለት ነው። ሁለተኛው እኔ ላስተካክልልዎት ብሎ የይለፍ ቃልዎን የሚጠይቅ ነው።

ለመክፈል ከመቸኮልዎ በፊት ነፃውን ይጨርሱ። ዎርድፕሬስ ለርን ዎርድፕሬስ በሚባል ገጹ ላይ የራሱን ትምህርት በነፃ ያቀርባል፤ ጉግልም ጽሑፍ በፍለጋ እንዴት እንደሚገኝ የሚያስረዳ የጀማሪዎች መመሪያ አለው። ለደህንነት ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የተባለው ነፃ መመሪያ ጥሩ ነው። እግረ መንገዴን ልጥቀስ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 በታሰሩት፣ ዞን 9 በተባለው የኢትዮጵያ ጦማሪያን ቡድን አባላት ላይ በቀረበው የሽብር ክስ ውስጥ ይህን መሰል የዲጂታል ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ተጠቅሶ ነበር። በ2015 ከፊሎቹ ክሳቸው ተቋርጦ፣ የቀሩት በፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነፃ ተብለዋል። ኢሜይል መቆለፍን መማር ያስጠረጠረበት ጊዜ ነበር።

በእኔ ግምት ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው የቁልፎቹ ቦታ የሚታይበት ቪዲዮ ሳይሆን ጽሑፍዎን አንብቦ የሚያርም ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ ከጦማሩ በፊት ኢሜይሉን ይቆልፉ

የጦማሩ፣ የሆስቲንጉና የዶሜይኑ የይለፍ ቃል ቢጠፋ አዲስ መቀየሪያ የሚላከው ወደ ኢሜይልዎ ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሰው ሦስቱንም ይይዛል። ስለዚህ ለጦማሩ ብቻ የሚሆን፣ ለማንም የማይሰጡት የተለየ ኢሜይል ይክፈቱ።

ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ኮዱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ከሚመጣ ይልቅ በጉግል ኦቴንቲኬተር ወይም በመሰል መተግበሪያ ቢሆን ይሻላል። አንደኛ መተግበሪያው ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ሁለተኛ ስልክ ቁጥር አይጸናም። ሪያድ ወይም ዱባይ ሲሠራ የቆየ ሰው አገሩ ሲገባ የዚያኛው አገር ሲም ይዘጋል፤ ቁጥሩ ቆይቶ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል፣ ኮዱም ወደዚያ ይሄዳል። አገር ሊቀይሩ ከሆነ ሲሙ ከመዘጋቱ በፊት ማረጋገጫውን ያዛውሩ። ጉግል አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ጽፈው ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጧቸው። ስልኩ ውስጥ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ አይረባም፤ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሰረቃል።

የጦማርዎ አንባቢ የሚመጣው ከቴሌግራም ቻናል ከሆነ ቴሌግራሙንም እንዲሁ ያድርጉ። በቅንብሩ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አለ። አካውንትዎ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ዝርዝርም እዚያው ይገኛል፤ የማያውቁት ስልክ ካዩ ያስወጡት።

ደረጃ 4፦ ዶሜይኑ በእርስዎ ስም መሆኑን ያረጋግጡ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ከውጭ ድርጅቶች ዶሜይንና ሆስቲንግ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በውጭ ባለ ዘመድ ወይም በብር ተቀብሎ በሚገዛ ባለሙያ ያስገዛል። በዚህ ነውር የለም። ችግሩ ገዢው ዶሜይኑን በራሱ አካውንትና በራሱ ኢሜይል ሲያስመዘግበው ነው። ይህ በራስ ገንዘብ ቤት ሠርቶ ካርታውን በደላላው ስም ማውጣት ነው። ሰውየው ቢጣላዎት፣ ስልኩ ቢጠፋ ወይም በሚቀጥለው ዓመት መክፈሉን ቢረሳ ጦማሩ አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ አካውንቱን በራስዎ ኢሜይል እርስዎ ይክፈቱ፤ ዘመድዎ ወይም ባለሙያው ክፍያውን ብቻ ይፈጽም። ቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ ወደ እርስዎ አካውንት እንዲያዛውረው በትሕትና ግን ሳያዘገዩ ይጠይቁ። ከዚያ የዶሜይን መቆለፊያውን ያብሩ፤ ሳይከፈት ወደ ሌላ ድርጅት ማዛወር አይቻልም። ራሱን በራሱ የሚያድስበትን ቅንብርም ያብሩና የካርዱን ማብቂያ ቀን ይመዝግቡ። ጊዜው ያለፈበት የዶት ኮም ዶሜይን መጨረሻ ላይ 30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለው፤ መዋጃው ግን ከዓመቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ካለፈ ማንም ይገዛዋል፤ አንባቢ የለመደው አድራሻም የሌላ ሰው ማስታወቂያ ይለጠፍበታል።

ደረጃ 5፦ የይለፍ ቃልና የሥልጣን ክፍፍል

ረጅምና የትም ያልተደገመ የይለፍ ቃል ይጠቀሙ። በየሦስት ወሩ መቀየር የሚለው የድሮ ምክር ቀርቷል፤ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የይለፍ ቃሉ ወደ ሌላ ሰው እጅ የመውጣቱ ምልክት ካልታየ በቀር በየጊዜው እንዲቀየር ማስገደድ እንደማያስፈልግ ጽፏል። ሁሉንም በቃል መያዝ ስለማይቻል ቢትዋርደን ወይም ኪፓስ ኤክስሲን የመሰለ ነፃ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ይያዙ።

ዎርድፕሬስ ሲጫን የይለፍ ቃል ሙከራን በቁጥር አይገድብም። ሮቦት ሺህ ጊዜ ቢሞክር ዝም ይለዋል። ሙከራውን የሚገድብ ፕለጊን ይጨምሩ፤ ዎርድፌንስ ይህንንም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫንም አብሮ ይሠራል። የተጠቃሚ ስምዎን አድሚን አይበሉት።

እንግዳ ጸሐፊ ሲጋብዙ የራስዎን መግቢያ አይስጡ። ዎርድፕሬስ ከአስተዳዳሪ እስከ ተመዝጋቢ አምስት የተጠቃሚ ደረጃዎች አሉት። ለእንግዳ የሚሆነው ኮንትሪቢዩተር ነው፤ ጽፎ ያስቀምጣል፣ ማተምና ፋይል መጫን ግን አይችልም። እርስዎም ቢሆኑ ለዕለት ጽሑፍ የአርታዒ አካውንት ይጠቀሙ፤ የአስተዳዳሪው ለጥገና ብቻ ይከፈት።

ደረጃ 6፦ ማዘመን

ትንሽ ጦማር ያለው ሰው፣ እኔን ማን ይጠልፈኛል ይላል። የሚጠልፈው ሰው ስሙንም አያውቅም። ፕሮግራሞች ድረ ገጾችን በተራ እያንኳኩ ያረጀ እትም ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙ ገብተው የሐሰት መድኃኒትና የቁማር ሊንክ ይሰገስጋሉ።

ፍጥነቱን የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2017 የሆነው ነው። ማንኛውም ሰው ሳይገባ የሌላውን ጽሑፍ እንዲቀይር የሚያስችል ቀዳዳ በዎርድፕሬስ 4.7 ላይ ተገኘ። መድፈኛው፣ እትም 4.7.2፣ ጃንዋሪ 26 ቀን ወጣ። ሰዎች እንዲያዘምኑ ጊዜ ለመስጠት የቀዳዳው ዝርዝር ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይነገር ቆይቶ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ተገለጸ። በቀናት ውስጥ ያልዘመኑ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች ተበላሹ። መድፈኛው በነፃ ተቀምጦ ነበር።

ዎርድፕሬስ ትንንሽ የደህንነት እትሞችን ከ3.7 እትም ጀምሮ ራሱ ይጭናል፤ ከ5.5 ወዲህ ደግሞ ለፕለጊንና ለቴም ራስ ሰር ማዘመኛ ማብራት ይቻላል። ያብሩት። አንዳንድ ባለሙያ ማዘመን ገጹን ያበላሻል ብሎ ያስፈራራል። አልፎ አልፎ እውነት ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂ ላለው ሰው ግን የተበላሸ ገጽ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ፕለጊን ሲመርጡ መጨረሻ የተሻሻለበትን ቀን ይመልከቱ፤ ዓመት ካለፈው ይተዉት። ብዛት ያለው ተጠቃሚ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በ2020 ከባድ ቀዳዳ የተገኘበት የፋይል ማስተዳደሪያ ፕለጊን ከ700 ሺህ በላይ ድረ ገጾች ላይ ተጭኖ ነበር። የማይጠቀሙበትን ሥራ እንዲያቆም ማድረግ ብቻ ሳይሆን ይሰርዙት። ሥራ ያቆመ ፕለጊን ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ቀዳዳውም አብሮ አለ።

ደረጃ 7፦ መጠባበቂያ ቅጂ

በራስ ሆስቲንግ ላይ ያለ ጦማር ሁለት ክፍል አለው፤ ጽሑፎቹ ያሉበት ዳታቤዝ እና ምስሎች፣ ቴሞችና ፕለጊኖች ያሉበት ፋይል። አንዱን ብቻ የያዘ ቅጂ ግማሽ ነው። አፕድራፍትፕላስ የተባለው ፕለጊን ሁለቱንም በየሳምንቱ ወደ ጉግል ድራይቭ ይልካል። እዚያው ሆስቲንግ ላይ ብቻ የተቀመጠ ቅጂ ሆስቲንጉ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አውርደው በፍላሽ ያስቀምጡ፤ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አገር ድራይቭ ብቻውን አይበቃም።

ቅጂውን አንድ ጊዜ መልሰው ሞክሩት። ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። በብሎገር ያሉ ከቅንብሩ ውስጥ ጽሑፎቹን በአንድ ፋይል ማውረድ ይችላሉ፤ ምስሎቹን ግን ለብቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ የሚላክልዎት ፋይልና ሊንክ

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ ለሚኖሩ የኢሳት ሠራተኞች ሰነድ የሚመስል ፋይል ተልኮ ውስጡ የስለላ ሶፍትዌር እንደነበረ አሳይቷል። በ2017 ያወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በኢሜይል ስለተላኩ ሊንኮች ነው። ሊንኩ የሚያደርሰው ቪዲዮ ወደሚያሳይ የሐሰት ገጽ ሲሆን፣ ገጹ ቪዲዮውን ለማየት አዶቢ ፍላሽን ያዘምኑ ይላል። የይለፍ ቃል የሰበረ ማንም አልነበረም። ሰውየው ራሱ እንዲጭነው ተጠየቀ።

ዛሬ ለጦማሪ የሚመጣው የተለመደው ማጥመጃ የቅጂ መብት ጥሰዋል፣ ገጽዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል የሚል መልእክት ነው። ሊንኩን አይጫኑ፤ አድራሻውን በእጅዎ ጽፈው ወደ አካውንትዎ ይግቡና ማስጠንቀቂያው እዚያ መኖሩን ይዩ። ከማያውቁት ሰው የመጣ ሰነድ ኮምፒውተርዎ ላይ ሳያወርዱ በጉግል ዶክስ ይክፈቱ። ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የተጫነ ዊንዶውስ ወይም ሌላ ሶፍትዌር ያለበት ኮምፒውተር ላይ፣ ወይም በኢንተርኔት ካፌ፣ የአስተዳዳሪ አካውንትዎን አይክፈቱ፤ የሚጽፉትን ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ቢኖር አያዩትም።

ደረጃ 9፦ ከተጠለፈ

ጠለፋ ሁልጊዜ ጮሆ አይመጣም። ጦማሩ ለእርስዎ ደህና ሆኖ ከጉግል በስልክ ለሚመጣ አንባቢ ብቻ ወደ ሌላ ገጽ ሊወረውር ይችላል። በጉግል ውስጥ የራስዎን ዶሜይን ፈልገው ያልጻፉት የጃፓንኛ ጽሑፍ ወይም የመድኃኒት ማስታወቂያ ከወጣ ተጠልፈዋል።

ንጹሕ ከሆነ ሌላ መሣሪያ ይጀምሩ። መጀመሪያ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ቀይረው ከሁሉም መሣሪያ ይውጡ፤ ቀጥሎ የዶሜይኑን፣ የሆስቲንጉን፣ በመጨረሻ የጦማሩን ይቀይሩ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ጠላፊው በኢሜይሉ ተመልሶ ይገባል። የተበላሸውን እንዳለ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ፤ እንዴት እንደገባ ለማወቅ ይረዳል። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባት ወንጀል ስለሆነ፣ መክሰስ ቢፈልጉ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ከዚያ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር የማያውቁትን አስተዳዳሪ ይሰርዙ። ከጠለፋው በፊት የተወሰደ ቅጂ ካለዎት እርሱን መልሰው ወዲያው ሁሉንም ያዘምኑ። ከሌለዎት ዎርድፕሬሱን፣ ቴሙንና ፕለጊኖቹን ከዋናው ምንጭ እንደ አዲስ ይጫኑ፤ የተለጠፈውን ኮድ ብቻ ነቅሎ መተው የተደበቀውን መግቢያ ያስቀራል። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው ሰርች ኮንሶል ውስጥ የደህንነት ችግሮች የሚል ክፍል አለ፤ ካጸዱ በኋላ ከዚያ ሆነው ገጹ እንደገና እንዲመረመር ይጠይቁ። አንባቢዎች ኢሜይላቸውን አስመዝግበው ከነበረ ምን እንደተከሰተና በስምዎ የሚመጣ አጠራጣሪ ሊንክ እንዳይጫኑ በዚያው ቀን ይጻፉላቸው።